ዶ ሬ ሚን መለጠጥና መጭመቅ፦ ከስሌት እስከ ኪቦርድ፣ ከኪቦርድ እስከ ክራር

ፒያኖ ቃኚ ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ፣ መሣሪያው ላይ ያሉት ኦክታቮች (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያሉት ርቀቶች) ትክክለኛ የንዝረት እጥፍ አይደሉም። ተሳስቶ አይደለም። የፒያኖ ሽቦ ግትር ነው፤ ግትር ሽቦ ደግሞ ሃርሞኒኮቹን፣ ማለትም ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡትን ቀጫጭን ድምፆች፣ ከሚገባው በላይ ቀጠን አድርጎ ያወጣል። የቃኚው ጆሮ ያንን ተከትሎ ላይኛውን ጫፍ ወደ ላይ፣ ታችኛውን ጫፍ ወደ ታች ይስበዋል። በ1938 ሬይልስባክ የተባለ ተመራማሪ ይህን ለክቶ በመስመር ሥዕል አሳይቷል። ጫፎቹ ላይ ልዩነቱ ወደ 30 ሴንት ይጠጋል። የግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ ሲሶ ገደማ ማለት ነው።

ስለዚህ የተለጠጠ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ባዕድ ነገር አይደለም። ፒያኖ በሰማን ቁጥር ሰምተነዋል። ዛሬ የምንሠራው ያንኑ ነው። ብቻ ቃኚው እንዳይታወቅበት ይለጥጣል፣ እኛ እንዲታወቅ እንለጥጣለን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ፤ እኔን ራሴን ብዙ ጊዜ ያደናገረኝ ይሄ ነው። «ስኬሉን ለጠጥኩት» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው እንደ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ብትስቡት ሁሉም ርቀት በእኩል ይሰፋል፤ ኦክታቩም ጭምር። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ታሰረ ገመድ ነው። ኦክታቩ ሁለት ጫፉ ላይ ታስሯል፣ አይነቃነቅም፤ የሚንሸራተቱት መሃል ላይ ያሉት ድምፆች ናቸው። አንዱ ርቀት ሲሰፋ ሌላው ይጠባል። ሁለቱ ለጆሮ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። በታሰረው ገመድ እንጀምራለን፤ ለውጡ ቶሎ የሚሰማው እሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ኮምፒውተር፣ ኖትፓድ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ ካልኩሌተርና የቅኝት ፋይል የሚቀበል ሲንተሳይዘር ነው። ሰርጅ ኤክስቲ ነፃ ስለሆነና ፋይሉን በቀላሉ ስለሚያነብ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ሚዲ ኪቦርድ ካለ መልካም። ከሌለ በማውስም ይሞከራል፣ ያሰለቻል እንጂ።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ቀመሮች ያዙ

ሴንት የሙዚቃ ርቀት መለኪያ ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ በ1885 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው። ተራ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት አለ። ከዶ እስከ ሶል 7 እርምጃ ስለሆነ 700 ሴንት። ይህን ርቀት ሙዚቀኞች ፊፍዝ ይሉታል፤ እኔ አምስተኛ እለዋለሁ። የ3 ለ 2 የንዝረት ጥምርታ ያለው ንጹሑ አምስተኛ ግን 701.955 ነው።

ዳያቶኒክ ስኬል፣ ማለትም የምናውቀው ባለ ሰባት ድምፅ ዶ ሬ ሚ፣ ከዚህ አንድ ርቀት ብቻ ይወጣል። ከፋ ተነሱና በአምስተኛ እየዘለላችሁ ውጡ፦ ፋ፣ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሲ። ሰባቱን ወደ አንድ ኦክታቭ ሰብስቧቸው። አለቀ፣ ስኬሉ ተሠራ። አምስት ሙሉ ድምፅና ሁለት ግማሽ ድምፅ ታገኛላችሁ። የሁለቱ ልክ እንዲህ ይሰላል፦

ሙሉ ድምፅ = 2 × አምስተኛ − ኦክታቭ
ግማሽ ድምፅ = 3 × ኦክታቭ − 5 × አምስተኛ

በተለመደው 700 ሞክሩት። ሙሉው 200፣ ግማሹ 100 ይወጣል። ልክ ነው። ሁለተኛው ቀመር ውስጥ ያለችውን 5 ልብ በሉ። አምስተኛውን 1 ሴንት ብትጨምሩ ግማሽ ድምፁ 5 ሴንት ይቀንሳል። ትንሽ ነክቶ ብዙ መለወጥ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 2፦ አምስተኛውን ምረጡ

ድንበር አለ። አምስተኛው 685.71 ላይ ሲደርስ ሙሉውና ግማሹ እኩል ይሆናሉ፤ ሁለቱም 171.43። ወደ ላይ 720 ሲደርስ ደግሞ ግማሽ ድምፁ ዜሮ ይገባና ይጠፋል፤ አምስት እኩል ርቀቶች ብቻ ይቀራሉ። ዶ ሬ ሚ ዶ ሬ ሚ የሚመስለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ነው።

ከታችኛው ድንበር ወርዳችሁ 675ን ብትሞክሩ ሙሉው 150፣ ግማሹ 225 ይሆናል። «ግማሹ» ከሙሉው በለጠ! ከዶ እስከ ሚ 300፣ ከሬ እስከ ፋ 375። ደስተኛ የሚመስለው ሜጀር አዝኖ፣ ያዘነ የሚመስለው ማይነር ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ለጨዋታ ሞክሩት፤ የምታውቁት ዜማ ፊቱን አዙሮ ይመጣል።

ለዚህ መመሪያ ሁለት ልኮች መርጫለሁ። የሰፋው 709.09 ነው፤ ኦክታቩን ለ22 እኩል ቦታ ስትከፍሉ የሚገኘው። የጠበበው 694.74 ነው፤ ለ19 ሲከፈል የሚወጣው። ጠባብ አምስተኛ በአውሮፓ የቆየ ነገር ነው። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ አሮን በ1523 የገለጸው ቅኝት አምስተኛውን ወደ 696.58 አውርዶ ከዶ እስከ ሚ ያለውን ርቀት ንጹሕ 386.31 ያደርገዋል። በ19 የመክፈሉን ነገርም ፈረንሳዊው ጊዮም ኮስትሌ በ1558 ሞክሮታል። እኛ ግን ሩቅ ሩቁን ስለምንፈልግ 694.74ን እንይዛለን።

ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። በሰፊው፣ ሙሉ ድምፅ 218.18፣ ግማሽ ድምፅ 54.55። በጠባቡ፣ ሙሉ ድምፅ 189.47፣ ግማሽ ድምፅ 126.32።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን ጻፉ

የቅኝት ፋይሉ ዓይነት ስካላ ከሚባለው ፕሮግራም የመጣ ነው። ተራ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ለቅኝቱ ስም ትሰጡታላችሁ። በላቲን ፊደል ጻፉት፤ የእኛን ፊደል ሲያዩ የሚደነግጡ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለተኛው መስመር የድምፆቹ ብዛት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ድምፅ በየመስመሩ። መነሻው ዶ አይጻፍም፣ ዜሮ መሆኑ ይታወቃል። የመጨረሻው መስመር ኦክታቩ ነው።

ሰባት ድምፅ ብቻ ብትጽፉ አንድ ጣጣ አለ። ሲንተሳይዘሩ ነጭና ጥቁር አይለይም፤ ሰባቱን በተከታታይ ቁልፎች ላይ ይደረድራቸዋል። ኦክታቩ ሶል ላይ ይመጣና እጃችሁ የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የአምስተኛውን ሰንሰለት አራዝማችሁ 12 ድምፅ ጻፉ። ዶ ሬ ሚ ነጮቹ ላይ እንዳለ ይቆያል። ከስሙ በታች ያለው የሰፊው ፋይል ይኸው፦

12
163.64
218.18
272.73
436.36
490.91
654.55
709.09
872.73
927.27
981.82
1145.45
1200.0

የጠባቡን በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፉት፦ 63.16፣ 189.47፣ 315.79፣ 378.95፣ 505.26፣ 568.42፣ 694.74፣ 757.89፣ 884.21፣ 1010.53፣ 1073.68፣ 1200.0።

ነጥቧን አደራ። ነጥብ ያለው ቁጥር ሴንት ተብሎ ይነበባል፤ ነጥብ የሌለው ግን ጥምርታ ነው። አንድ ሌሊት 1200 ብዬ ያለ ነጥብ ጽፌ ነበር። ፕሮግራሙ «1200 እጥፍ» ብሎ አነበበው፤ ከአሥር ኦክታቭ በላይ ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫዬ የሲጥሲጥታ ድምፅ አውጥቶ ዝም አለ። ደግነቱ ድምፁን ዝቅ አድርጌው ነበር። እናንተም አዲስ ፋይል ስትከፍቱ ድምፁን ቀንሱ።

ስሙን በነጥብና በኤስ ሲ ኤል ሦስት ፊደላት ጨርሱ። ሰርጅ ውስጥ ሜኑውን ከፍታችሁ ቱኒንግ ከሚለው ስር ጫኑት። ሌላ ትእዛዝ ካልሰጣችሁት መሃለኛውን ዶ በ261.63 ሄርዝ ይዞ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይቆጥራል።

ደረጃ 4፦ ስሙ፣ ግን በሥርዓት

ዘሎ ዘፈን መጫወት ያምራል። እባካችሁ ቆዩ። መጀመሪያ ሃርሞኒክ የበዛበት ድምፅ ምረጡ፤ መጋዝ ሞገድ ወይም ኦርጋን የሚመስል። ንጹሕ ሳይን (ሃርሞኒክ የሌለው ሞገድ) ላይ አብዛኛው ልዩነት አይሰማም።

መሃለኛውን ዶ ከሶሉ ጋር ያዙና ጠብቁ። ድምፁ ውው፣ ውው እያለ ይንቀጠቀጣል። በሰፊው ፋይል በሰከንድ ከ3 ጊዜ ትንሽ በላይ ነው። አሁን ጠባቡን ጫኑና ያንኑ ያዙ። እዚህም በሰከንድ ከ3 ጊዜ ትንሽ በላይ! ሁለቱም ከንጹሑ አምስተኛ በ7 ሴንት ያህል ይርቃሉ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። አምስተኛውን ብቻ ይዛችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳችኋል።

ሚን ጨምሩበት፤ ያኔ ይለያያሉ። በጠባቡ ሚ 379 ላይ ነው፤ ተረጋግቶ ቁጭ ይላል። ማይነር ኮርዱ ደግሞ ከዚህም በላይ ይረጋጋል። መሃለኛ ድምፁ 315.79 ላይ ነው፤ ንጹሑ የ6 ለ 5 ርቀት 315.64 ስለሆነ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በሰፊው ሚ 436 ላይ ወጥቷል። ለጆሮዬ ተራ ሜጀር አይመስልም፤ የሚያበራ፣ ትንሽ የተቆጣ ነገር አለው። ከ9 ለ 7 ጥምርታ ጋር ሊገጥም 1 ሴንት ነው የቀረው።

ቀጥሎ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብላችሁ በዝግታ ውጡ። በሰፊው ሲ ዶን ሊነካው ደርሷል፤ 55 ሴንት ብቻ ቀርቶታል። ዜማ ሲዘጋ ስለት አለው። በጠባቡ ሲ 126 ሴንት ርቆ ነው የሚቆመው፤ ወደ ዶ የሚሄደው እየተጎተተ ነው። ከዚህ የምወስደው ቀላል ነው። በሰፊው ዜማ ጻፉ፣ ኮርዶቻችሁን በአምስተኛና በሁለተኛ (እንደ ዶና ሬ ባለ ርቀት) ሙሏቸው፣ ሜጀር ኮርድ ላይ ብዙ አትቀመጡ። በጠባቡ ዘገምተኛ ኮርዶችን ጻፉ፣ ፈጣን ዜማውን ተዉት። ሕግ አይደለም፤ ግን ብዙ ሰዓት ይቆጥብላችኋል።

ደረጃ 5፦ አሁን ላስቲኩን ሳቡ

ይኼኛው ስሌቱ የሕፃን ነው። ኦክታቩ 1210 እንዲሆን ከፈለጋችሁ 1210ን ለ12 አካፍሉ። 100.833 ይመጣል። ፋይሉ የዚህ ብዜት ነው፦ 100.83፣ 201.67፣ 302.50 እያለ እስከ 1210.0። ለመጭመቅ 1190ን ለ12 አካፍሉ፤ 99.167።

መሃለኛውን ዶ ከላይኛው ዶ ጋር አንድ ላይ ያዙ። በሁለቱም ፋይሎች በሰከንድ 3 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። አሁን ግን አንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ ተጫወቷቸው። የተለጠጠው ብዙም አይከፋም። የተጨመቀው ግን «ወረደ» ያሰኛል። የእኔ ጆሮ ብቻ አይደለም። ዲክሰን ዋርድ በ1954 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ንጹሕ ድምፅ ሰምተው ኦክታቩን በጆሯቸው ሲያስተካክሉ ትንሽ አስፍተው ነው የሚያቆሙት። ስለዚህ በዚህ ዘዴ መጭመቅን በልኩ ተጠቀሙበት፤ ለመረበሽ ስትፈልጉ ብቻ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

መሃል ላይ አንድ የሚያምር ቦታ አለ። ንጹሑን 701.955 ለ7 አካፍሉ፤ 100.279። ኦክታቩ 1203.35 ይሆናል፣ አምስተኛው ሁሉ ንጹሕ። ሰርዥ ኮርዲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፒያኖዎች በዚህ ልክ እንዲቃኙ ሲሟገት ኖሯል። ለመለጠጥ አዲስ ከሆናችሁ ከ1210 በፊት ይህን ሞክሩ። ማንም ሰው «ተበላሽቷል» አይላችሁም፤ ብዙ ጊዜ «ምን አደረግህበት?» ነው የሚሉት።

ከዚህ ሩቅ መሄድ የሚፈልግ ሰው ግን ችግር ይገጥመዋል። 1220፣ 1240 እያላችሁ ስትወጡ ኮርዱ ይፈርሳል። ችግሩ ስኬሉ ላይ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ድምፁንም አብራችሁ ለጥጡ

ኦክታቭ የሚጥመን የድምፃችን ሃርሞኒኮች 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ ስለሚወጡ ነው። ላይኛው ዶ ከታችኛው ዶ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ጋር ይገጥማል። ስኬሉን ለጥጣችሁ ድምፁን ከተዋችሁት አይገጥምም። ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች ሲጋጩ የሚፈጠረውን ሻካራነት ፕሎምፕና ሌቬልት በ1965 ለክተውታል። ፍራንክ ስሌሜከር በ1970 በተለጠጡ ሃርሞኒኮች ኮርድ ሠርቶ አጥንቷል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልያም ሴታሬስ ደግሞ በ1993 ነገሩን ወደ ስሌት አመጣው፤ ለአንድ ስኬል የሚስማማ ድምፅ፣ ለአንድ ድምፅም የሚስማማ ስኬል ማስላት ይቻላል።

እጃችንን እናስገባ። ኦክታቩ እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 2.1 እጥፍ ይሁን። ይህ 1284.47 ሴንት ነው፤ ለ12 ሲካፈል 107.04። ፋይሉን እንደ ደረጃ 5 ጻፉ። ነጮቹ ላይ 214.08፣ 428.16፣ 535.19፣ 749.27፣ 963.35፣ 1177.43፣ 1284.47 ይመጣሉ። መጀመሪያ በመጋዝ ሞገድ ተጫወቱት። ዘግናኝ ነው። የተሰበረ አኮርዲዮን።

አሁን ሦስት ሳይን ኦሲሌተር (የሲንተሳይዘሩ ድምፅ አመንጪ) ውሰዱ። የመጀመሪያውን እንዳለ ተዉት። ሁለተኛውን በ12.84 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ አንሱ፤ 2.1 እጥፍ ሆነ። ሦስተኛውን በ20.36 አንሱ፤ 3.24 እጥፍ። አራተኛ ካላችሁ በ25.69፣ 4.41 እጥፍ። እየወጡ ሲሄዱ ድምፃቸውን ቀንሱ። አንዳንድ ሲንተሳይዘር ይህን ማንሻ በሴንት ሳይሆን በጫናችሁት ቅኝት እርምጃ ይቆጥረዋል፤ ያኔ 12፣ 19 እና 24 ስጡት፣ ከበቂ በላይ ይቀራረባል።

ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አንድ ላይ ያዙ። ተስተካክሏል። ደወል ደወል ይላል፤ ግን የሚቆም ኮርድ ነው። ላይኛውን ዶ ጨምሩበት። 1284 ሴንት ላይ ያለ «ኦክታቭ»፣ ከእውነተኛው በ84 ሴንት፣ ከግማሽ ድምፅ ጥቂት ባነሰ ርቀት ያለፈ፣ እንደ ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል። ለማመሳከር እውነተኛውን 1200 በዚህ ድምፅ ስሙት፤ አሁን እሱ ነው የሚጋጨው። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ሁለት ጊዜ ፋይሉን ከፍቼ አረጋገጥኩ።

ደረጃ 7፦ መልህቁን አስቡበት

ኦክታቩን ከነካችሁ ከመነሻው በራቃችሁ ቁጥር ስህተቱ ይከማቻል። በ1210፣ ሦስት ኦክታቭ ላይ ስትደርሱ 30 ሴንት ወጥታችኋል። የፒያኖው ጫፍ ላይ ያየነው ያህል መሆኑ ነው። በ1284 ግን 253 ሴንት ነው፤ ከሙሉ ድምፅ በላይ። ስለዚህ መነሻውን ዜማችሁ የሚበዛበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ ክልሉን ጠበብ አድርጉት። የተቀዳ ቤዝ ጊታር ወይም ሳክስፎን ከስር ለመጨመር ካሰባችሁ ደግሞ 1284ን ተዉት፤ የእነሱ ሃርሞኒክ አይለጠጥላችሁም። ባለ 709 እና ባለ 694 ግን ኦክታቫቸው ጤነኛ ስለሆነ ከሰው ጋር ይኖራሉ።

ክራር ያላችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩን ዝጉትና ስልካችሁ ላይ ያለውን መቃኛ ክፈቱ። ሜጀር ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ ያው የአምስተኛ ሰንሰለት፣ በአምስት ድምፅ የተቆረጠ። ዶን ዜሮ ላይ አስተካክሉ። ለሰፊው ሬን በ18፣ ሚን በ36፣ ሶልን በ9፣ ላን በ27 ሴንት ከፍ አድርጉ። ለጠባቡ ሬን በ11፣ ሚን በ21፣ ሶልን በ5፣ ላን በ16 ዝቅ አድርጉ። በየአንዳንዱ አንድ የምታውቁትን ትዝታ ተጫወቱ።

የሚገርመው እዚህ ነው። በጠባቡ ትንሹ ርቀት 189፣ ትልቁ 316 ነው። ክፍተቶቹ ይጎላሉ፣ ከሚ ወደ ሶል መዝለሉ ገደል ይመስላል። በሰፊው 218 እና 273 ብቻ ነው፤ ርቀቶቹ ይቀራረባሉ። ሰባቱን ድምፅ ይበልጥ ያበላለጠው መለጠጥ አምስቱን ያቀራርባል። የበለጠ ከገፋችሁ፣ ማለትም ሬን በ40፣ ሚን በ80፣ ሶልን በ20፣ ላን በ60 ከፍ ካደረጋችሁ፣ ደረጃ 2 ላይ ያየነው የ720 ድንበር ላይ ናችሁ። ሁሉም ርቀት 240 ነው። ጓደኛችሁ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያዳምጥ አድርጉና የትኛው ክር ዶ እንደሆነ ጠይቁት፤ በርቀቱ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።